የፋንቱ ኩላሊት

ወልድያ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጓንጉል፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ። የአባቶቻችን አምላክ ደጅህን ከክፉ ይጠብቅልኝ፤ ባለቤትህን ጽጌረዳን በጤናዋ፣ ልጅህን ሳምራዊትን በትምህርቷ ያቁምልህ። እኔ ዛሬም እንደ ብረት ነኝ።

ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ መቼም አልረሳኸውም። ሦስት ዓመት ሞላን። በዚች ቀን ነው ናይሮቢ ላይ እኔና አንተን ጎን ለጎን በአልጋ እየገፉ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ያስገቡን። ፊትህ አመድ መስሎ፣ በኩላሊት እጥበት ብዛት ክንድህ አባብጦ፣ «እትዬ ፋንቱ፣ አሁንም ሐሳብሽን መቀየር ትችያለሽ» አልከኝ። እኔም ዝም ብለህ ተኛ አልኩህ። ከዘመዱ ሁሉ የአንዱ ደም አልገጥም ብሎ፣ ሌላው ፈርቶ ሲቀር፣ የእኔ የአጎትህ ልጅ ኩላሊት መግጠሙ እስከ ዛሬ ያኮራኛል። ትምክህተኛ ናት ብለህ ከሳቅህ ሳቅ። ትምክህተኛ ነኝ።

በዚህ ሰሞን የሆነውን ልንገርህ። አዲስ የመጣው ርእሰ መምህራችን ቢሮው ጠራኝና፣ በአንድ ኩላሊት የስፖርት ትምህርት ማስተማር ይከብድዎታል፣ ቤተ መጻሕፍት ቢዛወሩ ምን ይመስልዎታል አለኝ። በጨዋ ደንብ ነው ያለው፤ አልተቀየምኩትም። ወጣሁና ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከዘጠነኛ «ለ» ልጆች ጋር ሜዳውን አራት ጊዜ ዞርኩት። እሱ በረንዳ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤተ መጻሕፍት አላነሣም። ገበያ ላይ ሰዎች ሲያልፉ «ኩላሊቷን የሰጠችው እሷ ናት» ሲባባሉ እሰማለሁ። እንዳልሰማ ሆኜ ነው የማልፈው፤ ግን ቀና ብዬ ነው።

ያለፈው ደብዳቤህ ግማሽ ገጽ አልሞላችም። ሥራ ቢበዛብህ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ላክልኝ፤ ምግብ ቤትህ በር ላይ ቆመህ የተነሣኸው ፎቶግራፍ። መምህራን ክፍል ጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አደርገዋለሁ።

እህትህ ፋንቱ

---

ናይሮቢ፣ ኅዳር 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እትዬ ፋንቱ፣

እንደምን ከርመሻል? እግዚአብሔር ለእኔ የተመኘሽልኝን ሁሉ ለአንቺም ያድርግልሽ። እኛ ደኅና ነን። ጽጌረዳ እጅ ትነሣለች። ሳምራዊት ፈተና ላይ ናት።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ የርእሰ መምህሩን ነገር ለጽጌረዳ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ብዙ ሳቅን። ምግብ ቤታችን ጥሩ ይዟል። ሰፈራችን ፓርክላንድስ ውስጥ አሁን ሁለት የሐበሻ ምግብ ቤት ተከፍቷል፤ ቢሆንም ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር አይገኝም። በየቦታው የምርጫ ቅስቀሳ ስለሆነ ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች ሁሉ በፎቶ ተሸፍነዋል። ፎቶግራፉን ሳምራዊት ፈተናዋን ስትጨርስ ታነሣኛለች።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ኩላሊት የሰጠ ሰው በየጊዜው መታየት አለበት ይላል ሐኪሜ፣ ዶክተር ሙቱኩ። ያኔ ያከመን እሱ ራሱ ነው፤ ሰላም በልልኝ ብሎሻል። ደሴ ወርደሽ፣ ከተቻለም አዲስ አበባ ሄደሽ፣ አልትራሳውንድ ብትነሺ ደስ ይለዋል። ለመዝገቡ ነው። ወጪው በእኔ ነው፣ እሱን አታስቢ። ብቻ ከገና በፊት ብትሄጂ።

እኔ ለምርመራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝቼ ወጥቻለሁ። የተለመደው ነው።

ወንድምሽ ጓንጉል

---

ወልድያ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጓንጉል፣

ጤናህን፣ ሰላምህን፣ የቤትህን በረከት ሁሉ አብዝቶ ይስጥህ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ታይተሽ ነበር ወይ ሳይለኝ፣ ዛሬ ለመዝገብ ተብሎ ከገና በፊት ደሴ ውረጂ፣ አዲስ አበባ ሂጂ እባላለሁ። ለመሆኑ የምን መዝገብ ነው የሚያስቸኩለው? እኔ ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅም። ልጆቼን ለዞኑ የዱላ ቅብብል እያዘጋጀሁ ነው፤ በዚህ ሰዓት ጥያቸው የትም አልሄድም።

ጓንጉል፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። አንድ ልጅ የሆነውን ትቶ ሌላ ሌላውን ሲያወራ አውቅበታለሁ። ስለ ማታቱ ጻፍክልኝ፣ ስለ ወንበር ጻፍክልኝ። ሁለት ቀን ሆስፒታል ስለተኛህበት የጻፍክልኝ አንዲት መስመር ናት። ያቺ ኩላሊት ምን ሆነች? በቀጥታ ጠይቄሃለሁ፤ በቀጥታ መልስልኝ።

ፎቶግራፉም አልደረሰኝም።

እህትህ ፋንቱ

---

ወልድያ፣ ጥር 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጓንጉል፣

እግዚአብሔር ያላችሁበትን ይጠብቅ። ከምርጫው ወዲህ ስለ ኬንያ በየቀኑ በራዲዮ እየሰማን ነው፤ ቤት ተቃጠለ፣ መንገድ ተዘጋ ይላሉ። ገና ዕለት ስደውል ያነሣችው ጽጌረዳ ናት፤ ተኝቷል አለችኝ። በጥምቀት ደወልኩ፤ አሁንም ተኝቷል አለችኝ። ድምፅዋ ድምፅዋ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስልኩም አይሠራም። በሕይወት ካላችሁ አንድ መስመር ጻፉልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ፋንቱ

---

ናይሮቢ፣ ጥር 30 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእትዬ ፋንቱ፣

አምላክ አንቺን በደስታ ያኑርልኝ፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አስቻለው ይባላል፤ እዚህ ጎረቤቴ የሆነ ነጋዴ ነው፣ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ወልድያ ድረስ አመጣዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል። በፖስታ መጣል ፈራሁ። በስልክ ደግሞ ድምፄን ትለዪዋለሽ። ሲደወል ጽጌረዳ እንድታነሣ ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ እሷን እንዳትቀየሚያት።

ሁከቱ እኛን አልነካንም። የተደበቅኩት በሁከቱ ጀርባ ነው። የሆነው እንዲህ ነው።

ጥቅምት ላይ ለሦስተኛው ዓመት ምርመራዬ ሄድኩ። አልትራሳውንድ የምታነሣው ልጅ ስትሠራ ታወራኝ ነበር፤ ድንገት ወሬዋን ትታ ዶክተር ሙቱኩን ጠራችው። ኩላሊቱ ላይ ዕጢ ነበረ። በመርፌ ናሙና ወሰዱና ደቡብ አፍሪካ ላኩት። ያኔ ነው ለመዝገብ ነው ብዬ የጻፍኩልሽ። ውጤቱ ከምርጫው በፊት መጣ፤ ዶክተር ሙቱኩ እኔንና ጽጌረዳን አስቀምጦ፣

«ካንሰር ነው» አለ። «ግን ከአንተ የተነሣ አይደለም።»

በእኔ ሆድ ውስጥ እያለ እንዴት የእኔ አይሆንም አልኩት።

«አንተ ወንድ ነህ። የዕጢው ሕዋስ ግን የሴት ነው» አለኝ።

ለጥቂት ጊዜ አልገባኝም። ጽጌረዳ ከእኔ ቀድሞ ገባትና በነጠላዋ አፏን ያዘች። ዶክተሩ ቀስ ብሎ አስረዳን። ያኔ ስትሰጪኝ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነገር ኩላሊቱ ውስጥ አብራ ነበረች ማለት ነው። በተደረገልሽ ምርመራ አልታየችም። አንቺም ልታውቂ አትችዪም፣ እነሱም አላወቁም። አንቺ ዘንድ ብትሆን ኖሮ ሰውነትሽ ለብዙ ዓመት ሊገታት ይችል ነበር፤ እኔ ግን ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይገፋው በየቀኑ የምወስደው መድኃኒት መከላከያዬን አስተኝቶት ስለነበር ፈጥና አደገች። እንዲህ ያለ ነገር በጣም ጥቂት ሰው ላይ ይደርሳል አለ፤ እሱም በእጁ ሲያጋጥመው የመጀመሪያው ነው።

ከዚያም፣ «ለእህትህ ዛሬውኑ ንገራት። እሷ የቀራት አንድ ነው፤ ያንን ማየት አለብን» አለኝ። እሺ አልኩት። በሳምንቱ ሲጠይቀኝ ነግሬአታለሁ አልኩት። ዋሸሁት፣ እትዬ። ያን ደብዳቤሽን፣ ገበያ መሃል ቀና ብለሽ የምትሄጂበትን፣ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር። እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ጥር 8 ቀን ኩላሊቱን አወጡት። መንገድ የተዘጋበት ቀን ስለነበር የሆስፒታሉ መኪና ፓርክላንድስ ድረስ መጥቶ ወሰደኝ። መድኃኒቱንም አቆሙልኝ። አሁን ሰውነትህ ይነቃል፣ የቀረ ካለም ባዕድ መሆኑን አውቆ ያባርረዋል አሉ። ይህን ሲሉኝ አለቀስኩ። ሦስት ዓመት ያኖረኝ የአንቺ አካል ነው፤ ሰውነቴ ባዕድ ብሎ ሲያባርረው ደስ ይበልህ እየተባልኩ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ወደ እጥበት ማሽኑ ተመልሻለሁ።

ሦስት ዓመት ከማሽን ርቄ ኖሬአለሁ። ምግብ ቤቱን የከፈትኩት በእነዚያ ዓመታት ነው። ሳምራዊትን ሞምባሳ ወስጄ ባሕር አሳይቻታለሁ። ውኃ እንደ ልቤ ጠጥቻለሁ። ያንን ማንም አይወስድብኝም። አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታዪ።

ወንድምሽ ጓንጉል

አክስቴ፣ እኔ ሳምራዊት ነኝ። ዳዲ አሁን ሳዋ ነው፣ ደኅና ነው፣ ሪሊ። ግን ይሄን ሌተር ለመጻፍ ስድስት ሳምንት ፈጀበት፤ እየጻፈ ይቀደዋል። ዶክተሩን እንደዋሸው ስሰማ በጣም ተናደድኩ። «ዛሬ ካልጻፍክ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፍላትና ማንም ያንብብላት» አልኩት። ፕሊስ ሂጂና ታዪ። እወድሻለሁ።

---

ወልድያ፣ መጋቢት 21 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጓንጉል፣

ምሕረቱ ከአንተ ጋር ይሁን። ከጽጌረዳና ከዚያች ደፋር ልጅህ ጋርም።

ደብዳቤህ በደረሰኝ በሰባት ሳምንቱ መልስ መስጠቴ ነው። ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን አንተም አራት ወር ስላስጠበቅከኝ ብዙ አላዝንልህም።

አስቻለው ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ሰጠኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ወደ ቤት ስሄድ በገበያው መንገድ አልሄድኩም፤ በኋላ በኩል ዞርኩ። ኩላሊቷን የሰጠችው ሲሉ እንዳልሰማ። አንድ ሳምንት አሞኛል ብዬ ትምህርት ቤት ቀረሁ። ሰውነቴን እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ እል ነበር። ሠላሳ ዓመት ልጆች ሳስሮጥ፣ አንድ ቀን ወገቤን ሳያመኝ፣ ለወንድሜ በሽታ አሽጌ ልኬለታለሁ። ይህንን ሳስብ ነጋ፣ ይህንን ሳስብ መሸ።

በስምንተኛው ቀን ደብዳቤህን እንደገና አወጣሁ። ምግብ ቤቱን፣ ሞምባሳን፣ ውኃውን የጻፍክበት ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ ተናደድኩ። በራሴ አይደለም፣ በአንተ ነው። ይህን ለማወቅ የመጀመሪያዋ እኔ መሆን ነበረብኝ። ትሰበራለች ብለህ ነው የደበቅከኝ። የአንድ ርእሰ መምህር ቃል ያልበገራትን ሴት እንዲህ ማሰብህ ከካንሰሩ ይልቅ አመመኝ። ተነሣሁና ገላዬን ታጥቤ፣ በገበያው መሃል አልፌ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁ።

አልትራሳውንድም ሲቲ ስካንም አነሡኝ። የቀረችኝ ኩላሊት ላይም አለ፣ ጓንጉል። ትንሽ ናት፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር አትሞላም። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወረቀቱን ይዞ እንዴት እንደሚነግረኝ ሲቸገር አየሁትና እኔ ጀመርኩለት። የወንድሜን ነገር ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ፣

«ወንድምዎ ባይታመሙ ኖሮ እርስዎ እዚህ አይመጡም ነበር» አለኝ። «የሚመጡት ከአምስት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሲያምዎት ነበር። ያኔ እኔ የማደርግልዎ ነገር አይኖርም።»

ኩላሊቷን ሳያነሡ የታመመውን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል ብሎኛል። ከተቻለ ግን የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ያደረጉት፣ መዝገቤ ያላቸው፣ ቢሠሩት እንደሚሻል ነገረኝ። ስለዚህ ልመጣ ነው። ለዶክተር ሙቱኩ ንገረው። በዚህ ጊዜ አትዋሸው።

እህትህ ፋንቱ

---

ናይሮቢ፣ መጋቢት 30 ቀን 2000 ዓ.ም.

እትዬ፣

አምላክ መንገድሽን ያቅናው። ለዶክተር ሙቱኩ ነግሬዋለሁ። መዋሸቴንም ነገርኩት፤ ስልኩን አንሥቶ አልጋ አስያዘልሽ። ሚያዝያ 9 ቀን እየጠበቀሽ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ እኔ ነኝ የምቀበልሽ፤ ዓርብ ስላልሆነ ማሽኑ አይዘኝም። የአንቺን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ በጽሑፍ አይሆንልኝም። ስትመጪ ስደቢኝ።

ጓንጉል

---

ናይሮቢ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለማከብርሽ፣ ለምወድሽ እትዬ ፋንቱ፣

ቤትሽ በሰላም ስለገባሽ የሰማይ አምላክ ይክበር ይመስገን። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ከቀዶ ሕክምናሽ በኋላ ያ አንድ ወር፣ አንቺ ቁስልሽን ይዘሽ፣ እኔ ክንዴን ይዤ፣ ማን ቶሎ ይራመዳል እያልሽ በረንዳው ላይ ያስሮጥሽኝ፣ ለሳምራዊት የሁልጊዜ ወሬዋ ነው። ለጓደኞቿ በስዋሂሊ ስትተርከው እሰማታለሁ።

የኔ ምርመራ ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ሲቲ ስካን ላይም ምንም አልታየም። ዶክተሩ ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆየህ ሌላ ኩላሊት ስለ መቀበል እንነጋገራለን ብሎኛል። እስከዚያ ማክሰኞና ዓርብ ማሽኔ ላይ ነኝ። ያንቺ ኩላሊት በደንብ እየሠራች እንደሆነ ከአዲስ አበባ የላክሽውን ውጤት አይቶ ነግሮኛል፤ በየስድስት ወሩ መታየት እንዳትተዪ።

ሌላ ጉዳይ አለ። ልጽፍልሽ ፈርቼ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ የምፈራውን ነገር አስቀድሜ ልነግርሽ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ዶክተር ሙቱኩ በጥቅምት ወር እዚሁ ናይሮቢ መሃል ከተማ በሚደረግ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ የእኛን ነገር ሊናገር ይፈልጋል። ከየአገሩ የመጡ ኩላሊት የሚያዛውሩ ሐኪሞች ይኖራሉ። የእኛን ካወቁ፣ የሚሰጠውን ሰው ጠለቅ ባለ ምስል ይመረምራሉ፣ ከሰጠ በኋላም አይረሱትም ይላል። እኔንም መጥተህ ተናገር ብሎኛል። ግን የሁለታችንም ፊርማ ያስፈልገዋል።

ጽሑፉን ሳምራዊት ተርጉማ አነበበችልኝ። ስም የለበትም። እኔ «ተቀባዩ» ነኝ፤ አንቺ «የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ለጋሽ»። አንድ ቦታ ላይ «የካንሰሩ ምንጭ ለጋሿ ናት» ይላል። እውነት ነው፤ እኔ ግን ይህን አውጡት ልላቸው ፈልጌ ነበር። አንቺ ካልፈቀድሽ እኔም አልፈርምም። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አብሮ አለ።

ወንድምሽ ጓንጉል

---

ወልድያ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጓንጉል፣

ዕድሜህን ያርዝመው፤ ከማሽን የምትላቀቅበትን ቀን ያቅርበው፤ ጽጌረዳን ስላስታመመችኝ በሰው እጅ አይጣላት።

ደኅና ነኝ። ክረምቱ በርትቶብናል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ወደ ሜዳዬ እመለሳለሁ። ርእሰ መምህሩ ቤቴ ድረስ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት አላለም፣ መቼ ይመለሳሉ ነው ያለኝ። መሮጡን ለጊዜው ለልጆቹ ትቼዋለሁ። ፊሽካ ለመንፋት ግን አንድ ኩላሊት፣ እሱም ጥጉን የተቆረጠ፣ ይበቃል።

ገበያ ላይ አሁንም ኩላሊቷን የሰጠችው ይሉኛል። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሴት አስቆመችኝ። የሰጠሽው ኩላሊት በሽታ ነበረው አሉ፣ እውነት ነው ወይ አለችኝ። ወሬ እዚህ ቶሎ ይደርሳል። እውነት ነው አልኳት። ሦስት ዓመት አኑሮታል፤ ከዚያ ታመመ፣ አወጡለት። የእሱ መታመም ደግሞ እኔን አተረፈኝ። ሴትዮዋም ባሏ እጥበት ላይ መሆኑን፣ ወንድሙ ሊሰጠው ፈልጎ ቤተሰቡ ፈርቶ እንደከለከለው ነገረችኝ። አብረን ተቀመጥን። በደንብ ይመርመር፣ ሁሉንም አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ከዚያ ከፈለገ ይስጥ አልኳት። ቢጠይቁኝ ዛሬም እሰጣለሁ አልኳት። ስለው ራሴን ሰማሁት፤ ከልቤ ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱን ፈርሜ ልኬልሃለሁ። ያ ልታስወጣው የፈለግከው ዓረፍተ ነገር ይቆይ፤ እውነት ስለሆነ እንዳያወጡት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሥሩ ይጨምሩልኝ፤ ለጋሿ ሁሉንም ካወቀች በኋላም በመስጠቷ አልተጸጸተችም ይበሉ። ሐኪሞቹ ይህንንም ማወቅ አለባቸው። ስለ ዕጢው ብቻ ሰምተው ቢሄዱ ነገሩ ጎዶሎ ነው።

የስሙ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ወረቀት ላይ ስም አይጻፍም የሚል ደንብ ካላቸው ደንባቸውን አልነካም። አንተ ግን ለመናገር ስትነሣ ወረቀት አይደለህም። ዶክተር ሙቱኩ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ብሎ ሲጨርስ ተራህን ጠብቀህ ተነሥ። ኮትህን ልበስ። ቀስ ብለህ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ያቺ ሴት ፋንቱ ዘለቀ ትባላለች በል። ወልድያ የስፖርት አስተማሪ ናት፤ በሕይወት አለች፤ እህቴ ናት በል።

እህትህ ፋንቱ ዘለቀ